ሶሙን በባለ ልኳንዳው ቤት

ግቮዝደን እጁ ተዘርግቶ ነው የተወለደው ይላሉ፣ ግራዲሽቴ ከተማ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ። ልኳንዳው ከዳኑብ ዳር ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሥጋውን መዝኖ፣ ጠቅልሎ፣ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ "ይቺን ደግሞ ለመንገድ" ብሎ አንድ ቁራጭ ካልጨመረ የነገደ አይመስለውም። ሊገዛ ያልመጣ፣ ሰላም ሊለው ብቻ ብቅ ያለ ሰው እንኳ አንድ ነገር ሳይጎርስ አይወጣም። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ውሾች በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁታል፤ እሱም እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ያድላቸዋል። ሚስቱ ዳሪንካ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ነጋዴ ነህ ወይስ በየቀኑ ዝክር ደጋሽ?" እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ መልስ አያጣም። "ምን ላድርግ? እጄን እምቢ ያለ ፍጥረት አላጋጠመኝማ!"

በኋላ ግን አጋጠመው፤ ያውም የገዛ የልጅ ልጁ፣ ሌንካ።

ሌንካ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ቦያና የግቮዝደን አንድያ ልጅ ናት፤ አባቷ ኦስትሪያ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚኖሩት ከአያትየው ጋር፣ ከልኳንዳው ጀርባ ባለው ቤት ነው። ሐኪሞቹ የሌንካ ነገር ኦቲዝም ነው ብለው ነግረዋቸዋል። የምትናገረው ጥቂት ቃላት ነው፤ እሱንም ደስ ሲላት። የምትበላው ነጭ ነገር ብቻ ነው፦ የዳቦ ልብ፣ ሩዝ፣ ወተት፣ ነጭ አይብ። ሥጋ ከሩቅ ሲሸታት አፍንጫዋን በክንዷ ትሸፍናለች። የግቮዝደን እጅ ደግሞ ምን ቢታጠብ ሥጋ ሥጋ ይላል። በሳሙና ፈተገው፣ በሎሚ አሸው፣ በአረቄ ሳይቀር ለቀለቀው። የዳቦ ልብ በመዳፉ ይዞ ሲያቀርብላት ሌንካ ዳቦውን አይታ፣ እጁን አይታ፣ ፊቷን ታዞራለች።

"ለከተማው ሁሉ የሚያድል እጅ ለልጄ ልጅ አመድ አፋሽ ሆነ" አለው አንድ ቀን ለሚዜው ለስሬተን። ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ስሬተን ዓሣ አጥማጅ ነው። በሰው ነገር ማላገጥ ነፍሱ ቢሆንም፣ ያን ቀን ብርጭቆውን ብቻ ሞላለት።

ከዚህ የባሰው የሌንካ መሄድ ነበር። ሌንካ አትጠፋም፤ ትሄዳለች። ተነሥታ መንገድ ስትጀምር ስሟን ቢጠሩት አትሰማም፤ መኪና ቢመጣ አታይም። የምትሄደው ሁልጊዜ ወደ ዳኑብ ነው፤ እዚያ ነጫጭ የውሃ ወፎች አሉ። አንድ የጥቅምት ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችውና ወጣች። ስሬተን ጀልባውን ሲያስር ውሃው ከጉልበቷ በላይ ደርሶ፣ እሷም ወፎቹን እያየች ወደ ውስጥ ስትራመድ ደረሰባት። እየተራገጠች ተሸክሟት መጣ። ቦያና ልጇን በፎጣ ጠቅልላ እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ አባቷን አየችውና "አባዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስሬተን እዚያ ባይኖርስ?" አለችው።

ቦያና ስለ አጋዥ ውሾች የሰማችው ያን ሰሞን ነው። ኖቪ ሳድ ከተማ ውስጥ ውሾችን እንዲህ ላሉ ልጆች የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበር። ተመዘገበች፣ ወረፋ ጠበቀች፣ እዚያው ድረስ እየተመላለሰች የውሻ አያያዝ ተማረች። ተራዋ የደረሰው ሁለት ክረምት አልፎ ነው። አሠልጣኙ ቮይን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ረጋ ያለ ሰው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ውሻውን ይዞ ከች አለ። ውሻው ነጣ ያለ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ዓይን የሚመስል ነው። ስሙ ሶሙን ይባላል፤ ድቡልቡል ዳቦ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ የዚያን ጊዜ ቡችሎች በሙሉ በዳቦ ስም ነበር የሰየማቸው። ነጭ መሆኑ ጠቀመ መሰለኝ፣ ሌንካ አልሸሸችውም። ጆሮውን በሁለት ጣቷ ይዛ ለረጅም ጊዜ አሻሸችው።

ግቮዝደን እንደ ወጉ ለእንግዳው አንድ ማንኪያ የፍሬ ማርመላታና አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበ። ቀጥሎ ወደ ውሻው ዞረ። "ለእሱስ?"

"እሱ በልቷል" አለ ቮይን።

"የት? መንገድ ላይ? ቤቴ ገብቶ እኮ ነው!"

"ጋሽ ግቮዝደን፣ ነገሩ እንዲህ ነው።" ቮይን ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሌንካ ወገቧ ላይ ቀበቶ ታስራለች፤ ቀበቶው ከሶሙን የደረት ማሰሪያ ጋር ይያያዛል። እሷ ልትሄድ ስትነሣ እሱ ይተኛል፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ይህን የሚያደርገው ግን የእሷ ከሆነ ብቻ ነው። የእሷ የሚሆነው ደግሞ በሆዱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከሌንካ እጅ ብቻ ይብላ። ከእናትየውም አይደለም፣ ከእርስዎም አይደለም። ፍርፋሪ እንኳ።" ከቦርሳው አንድ ከረጢት ደረቅ የውሻ ምግብ አወጣ። ግቮዝደን አንዷን ፍሬ በጣቱ አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ተመለከታት።

"ይሄ ምግብ ነው? ይሄማ የፍየል በጠጥ ነው!"

ቦያና "አባዬ!" ብላ ተቆጣችው። ቮይን ፈገግ አለና የቤቱ ቅዱስ ዝክር መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ቅዱስ ኒኮላስ ነው፣ በገና ጾም ውስጥ፣ አሉት። "እንግዲያው እስከ ቅዱስ ኒኮላስ እንሞክረው። ያን ቀን እመጣለሁ። ከተላመዱ ሶሙን የሌንካ ነው። ካልተላመዱ ግን ይዤው እሄዳለሁ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።"

ግቮዝደን "እሺ" አለ። አፉን ሞልቶ ነው እሺ ያለው፤ እኔ ያኔም አላመንኩትም።

በነጋታው ማለዳ ልኳንዳውን ለመክፈት ተነሥቶ ማድ ቤት ቡናውን ሲያፈላ፣ ሶሙን ከሌንካ ክፍል ወጥቶ መጣ። አጠገቡ ቆመ፤ እጁን አሸተተው። ሸትቶም አልሸሸ፤ እንዲያውም ራሱን ጭኑ ላይ ጣል አደረገና ሽቅብ አየው። የግቮዝደን ልብ ቅቤ ሆነ። "አንተ ጉድ፣ እውነትም በልተህ ነው የመጣኸው?" አለና ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ሥጋ የጣት ጫፍ ታክላለች። ለእንግዳ ወግ ነው አለ ለራሱ። በማግሥቱም ወግ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ማለት አላስፈለገውም።

ሶሙን ደግሞ ሞኝ አይደለም። በአንድ በኩል ሌንካ መዳፏ ላይ የምትይዘው የፍየል በጠጥ አለ፤ በሌላ በኩል በጭስ የደረቀ ወገብ ሥጋ አለ። ቀስ በቀስ ሌንካ እጇን ስትዘረጋ እሱ በር በሩን ያይ ጀመር። ሌንካ ትጠብቃለች። እጇን እንደ ዘረጋች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ፣ ትጠብቃለች። ከዚያ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ትደረድራቸዋለች።

"ለምን አይበላላትም?" አለች ቦያና በራት ሰዓት። "ምን አጠፋሁ? ሁሉን እንዳሉኝ እያደረግሁ ነው። አባዬ፣ ልጄን እኮ አልወደዳትም!"

ግቮዝደን ሾርባው ውስጥ ዳቦ እየፈተፈተ "አየሩ ይሆናል፣ ውሻም እኮ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል" አለ። ልጁ እንባዋን ስትጠርግ አየ፤ አይቶም ዳቦውን መፈትፈቱን ቀጠለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከቤቱ ውስጥ እጁን የወደደው ያ ውሻ ብቻ ስለነበረ፣ ያንን ማጣት ፈራ። እንዲህ ነው እውነቱ፤ ማስተባበያ የለውም።

ጉዱ የፈላው በገበያ ቀን ነው። ግቮዝደን ግንዱ ላይ አጥንት እየከተከተ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቦያና፣ ሌንካና ሶሙን ከገበያ ሲመለሱ በመስኮቱ አያቸው። ቀበቶው ከማሰሪያው ጋር ተያይዟል፤ ሌንካ አንገቷን ደፍታ የሶሙንን ጀርባ እየዳበሰች ትራመዳለች። ደስ አለው። መጥረቢያውን አንሥቶ አንድ ጊዜ አሳረፈ። ሶሙን ድምፁን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ያን ድምፅ በልኳንዳው የጓሮ በር ከለመደው ጉርሻ ያውቀዋል፤ ከእሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ዘልሎ መንገድ ገባ። በወገቧ የታሰረችው ልጅ ተጎትታ ወደቀችና ተከትላው አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተች።

አንዲት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ፍሬኗን ይዛ፣ ጎማዋ እያፏጨ፣ ከሌንካ እግር ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመች።

ግቮዝደን ከነሽርጡ፣ ከነመጥረቢያው ሮጦ ወጣ። የሌንካ ጉልበት ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነችም። ሶሙን ግን ቀበቶው እስኪወጠር ተስቦ፣ ጭራውን እየቆላ፣ የግቮዝደንን እጅ ይልስ ነበር። ቦያና ልጇን እንዳቀፈች ውሻውን አየች፤ እጁን አየች፤ ሁሉም ነገር ገባት።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች።

"ከመጀመሪያው ቀን" አለ ግቮዝደን።

አልጮኸችበትም፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። "አባዬ፣ አንተ ስታበላ ሰው ሁሉ ይወድሃል። ደግ ነህ፤ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ግን ባለመስጠት ውደደን።"

ያን ቀን ልኳንዳውን በጠራራ ፀሐይ ዘጋ። ስልኩን ከቦያና ተቀብሎ ለቮይን ራሱ ደወለና አንድም ሳይደብቅ ነገረው።

"ውሻው አልተበላሸም፤ ግራ ገብቶት ነው" አለ ቮይን። "ከዛሬ ጀምሮ ለሶሙን እንደሌሉ ይሁኑ። ሲመጣ አይዩት፣ አያናግሩት፣ አይንኩት። እንደ ወንበር ይሁኑ።"

"ወንበር ልሁን?"

"ወንበር ይሁኑ። እስከ ቅዱስ ኒኮላስ።"

ጉልበታም ሰው ነው፤ ግማሽ በሬ በትከሻው ተሸክሞ ያውቃል። እንደ ወንበርነት ግን የከበደው ሥራ የለም። ማለዳ ሶሙን ይመጣል፤ ራሱን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ ይጠብቃል። ግቮዝደን ጣሪያውን ያያል። ውሻው በአፍንጫው ይጎነትለዋል፤ ግቮዝደን ቡናውን ይጠጣል። ውሻው በረጅሙ ተንፍሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ያኔ ባለ ልኳንዳው ጥርሱን ነክሶ፣ አፍንጫውን ተናፍጦ ሥራው ይገባል። ሽርጡንና ልብሱን ልኳንዳው ውስጥ ቀይሮ፣ ተጣጥቦ እንጂ ቤት አይገባም። ከተማው ወሬው ደርሶት ስለነበር ስሬተን በየማለዳው በመስኮቱ ብቅ ይልበታል። "እንዴት አደረ ወንበሩ? እግርህ አልተነቃነቀም?"

"ሂድ ከዚህ፣ አንተ የበሰበሰ ዓሣ!"

"ተዉት፣ ተዉት! ወንበር ይናገራል እንዴ?"

ቮይን አንድ ነገር ጨምሮ አዝዞት ነበር፦ የሶሙንን ምግብ ለሌንካ አያትየው ያቀብላት፤ ውሻው ከዚያ ሰውዬ የሚመጣ ነገር ሁሉ በእሷ እጅ እንደሚያልፍ ይይ። ግቮዝደን ደረቁን ምግብ በመዳፉ ይዞ ቀረበ። ሌንካ ፍሬዎቹን አየች፤ እጁን አየች፤ ፊቷን አዞረች። ሁለት ቀን ሞከረ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ፍሬዎቹን ወንበር ላይ አድርጎ ራቅ አለ። ሌንካ መጥታ ከወንበሩ ላይ ለቀመቻቸውና ለሶሙን እጇን ዘረጋች። ሶሙን መጀመሪያ በሩን አየ፤ በሩ ላይ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ገብቶታል። ከዚያ ከመዳፏ በላ። ምላሱ ሲኮረኩራት ሌንካ ሳቀች። ቦያና ሳህን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች። "ከእንጨት ወንበር ወስዳ ከእኔ አልወስድ አለች" አለ ግቮዝደን፤ ቅር ብሎታል፤ ደስም ብሎታል።

ቅዱስ ኒኮላስ ደረሰ። ለዝክር ሰው አይጠራም፤ ቀኑን የሚያውቅ ሁሉ ይመጣል፤ የመጣው ሁሉ ይበላል። ሻማው በራ፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ንፍሮው ዞረ። ጾም ስለሆነ ጠረጴዛው በዓሣ ተሸፍኗል፤ ግማሹ የስሬተን መረብ ያመጣው ነው። እንግዶቹ ግን የደነገጡት በር ላይ ነው። ባለ ዝክሩ የበዓል ኮቱን ለብሶ ቆሞ የገባውን ሁሉ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ውሻውን አታብሉ" ይላል።

"ግቮዝደን፣ አታብሉ አለ?" አሉ አንዲት ሴትዮ አማትበው። "የዓለም መጨረሻ ነው!"

"ዛሬ ቅዱስ ኒኮላስ ራሱ ቢመጣ ኪሱን ሳይፈትሽ አያስገባውም" አለ ስሬተን።

ቮይን የመጣው ቤቱ ከሞላ በኋላ ነው። ንፍሮውን ቀመሰ፤ ሻማውን ተሳለመ፤ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሌንካ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ጆሮዋን በእጆቿ ይዛ ነበር፤ ሶሙን ጎኗ ተጋድሟል። ቤት ውስጥ ስለሆኑ ቀበቶው አልታሰረም። ቮይን ወደ ግቮዝደን ጎንበስ አለና "አሁን ይጥሩት" አለው።

"ማንን?"

"ሶሙንን። ዓሣ በእጅዎ ይያዙና እንደ ድሮው ይጥሩት። ከልብዎ ካልሆነ ያውቅብዎታል።"

ግቮዝደን ከሳህኑ ላይ በጭስ የደረቀ የዓሣ ቁራጭ አነሣ። "ና፣ አንተ ጉድ" አለ በዚያ በማለዳው ድምፁ። እጁን ዘረጋ። ይህን ሁሉ ዘመን እጁን ሲዘረጋ እንዲቀበሉት ነበር የሚመኘው። አሁን ግን በሆዱ፣ ቅዱስ ኒኮላስን እየተማጸነ፣ አትምጣ፣ አትምጣ ልጄ፣ ይላል።

ሶሙን ተነሣ። ጭራውን እየቆላ መጣ። አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ዘግይተው የመጡ እንግዶች የውጭውን በር በረገዱት፤ የሳቅና የጫማ ድምፅ ተከተለ። ሌንካ ከጠረጴዛው ሥር ተስፈንጥራ ወጣች። በሰው እግር መሐል ተሹለክልካ ወደ ተከፈተው በር ሄደች፤ ከበሩ መንገዱ፣ ከመንገዱ ዳኑብ ነው። ቦያና ጮኸች፤ ሰው ግን በመሐል አለ፤ መድረስ አልቻለችም።

ሶሙን ዓሣውን አየ። ግቮዝደንን አየ። ከዚያ ፊቱን አዞረበት፤ ልክ እንደ ሌንካ አዞረበትና ሮጠ። በሰው እግር ሥር ሾልኮ ቀደማትና ደፉ ላይ በሙሉ አካሉ ተጋደመ። ሌንካ ደረሰች። ልትሻገረው እግሯን አነሣች፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። እግሯን መለሰች። ጥቂት ቆመችና ቁጭ አለች፤ ፊቷንም አንገቱ ውስጥ ቀበረች።

ግቮዝደን ዓሣውን እንደ ያዘ ቆሞ ቀርቷል፤ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። "እምቢ አለኝ" አለ። "ስሬተን፣ አየህ? እምቢ አለኝ!" እንዲህ ደስ ብሎት የሚያውቅበት ቀን ትዝ አይለውም።

ቮይን "ሶሙን ቤቱን አግኝቷል" አለና ብርጭቆውን አነሣ። "ይሸለም እንጂ!"

ግቮዝደን ዓሣውን ወደ ሳህኑ መለሰ። ከበዓል ኮቱ ኪስ፣ መሐረብ በሚቀመጥበት፣ ጥቂት ደረቅ ፍሬዎች አወጣ። በአካባቢው ባዶ ወንበር ፈለገ፤ ሁሉም ላይ ሰው ተቀምጧል። ምርጫ ሲያጣ ደፉ አጠገብ ተንበረከከና መዳፉን ዘረጋ፤ አላያትም፤ ጣሪያውን ነው ያየው። ወንበር መሆን ለምዶ የለ?

መዳፉ ላይ የትንንሽ ጣቶች መዳሰስ ተሰማው። ሌንካ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ለሶሙን ሰጠች፤ ሶሙን በላ። የውሻውን ምራቅ በግቮዝደን የበዓል ኮት እጅጌ ላይ አበሰችና፣ ባዶ እጇን መልሳ ወደ አያቷ ዘረጋች።

"ሌላ" አለች።

ግቮዝደን ኪሱን ዳበሰ፤ የቀኙንም የግራውንም። ባዶ ነው። ቤቱ በምግብ ሞልቶ፣ ለከተማው ሁሉ ያደለ ሰው፣ የልጅ ልጁ እጇን ስትዘረጋለት የሚሰጣት አጣ።

"ቦያና!" ብሎ ጮኸ፣ እያለቀሰም እየሳቀም። "ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ ያንን የፍየል በጠጥ አምጪልኝ!"